ግብር ሽሽት ወደ ማያሚ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 መጀመሪያ የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ ሲያትልን ለቀው ማያሚ ሊገቡ መሆኑን በኢንስታግራም ገጻቸው አስታወቁ። ምክንያታቸውንም ዘረዘሩ፤ ወላጆቻቸው ወደ ማያሚ ተመልሰዋል፣ ብሉ ኦሪጂን የተባለው የሮኬት ኩባንያቸው ሥራም ወደ ፍሎሪዳው ኬፕ ካናቬራል እያዘነበለ ነው። ከመልእክቱ ጋር አባታቸው በ1990ዎቹ የቀረጹትን፣ አማዞን ሀ ብሎ የጀመረበት ጋራዥ የሚታይበትን አሮጌ ቪዲዮ አያይዘዋል። ስለ ግብር ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ሦስት ወር አለፈ። በፌብሩዋሪ 2024 ቤዞስ 50 ሚሊዮን የአማዞን አክሲዮን ሸጠው 8.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ኪሳቸው ገባ። ዋሽንግተን፣ ዋና ከተማዋ ሳትሆን በምዕራብ ጠረፍ ያለችው ሲያትል የምትገኝባት ግዛት፣ ከ2022 ጀምሮ ከ250 ሺህ ዶላር በላይ በሆነ የአክሲዮን ትርፍ ላይ 7 በመቶ ግብር ጥላለች። የኩባንያ መሥራች ደግሞ አክሲዮኑን የያዘው በሳንቲም ስለሆነ የሸጠበት ዋጋ ከሞላ ጎደል ሁሉም ትርፍ ነው። እንግዲህ ሰውየው ሲያትል ቆይተው ያንኑ ሽያጭ ቢፈጽሙ ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለግዛቲቱ ይከፍሉ ነበር። የፍሎሪዳ ነዋሪ በመሆናቸው ለግዛት የከፈሉት ዜሮ ነው።

የሄዱት ግብር ሽሽት ነው ብሎ መማል አይቻልም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱት ማያሚ ነው፤ የወላጅ ነገርም ሐሰት አይደለም። ደግሞስ የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ መፈተሽ ምን ይጠቅማል? ይልቅ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ሲያትል ውስጥ፣ በሲያትል መሐንዲሶችና በሲያትል መንገዶች ላይ የተገነባ ሀብት በየትኛው ሕግ ነው ከባለቤቱ ጋር አውሮፕላን የሚሳፈረው?

በአሜሪካ ግዛቶች አሠራር ደመወዝ ሥራው በተሠራበት ቦታ ይቀረጣል። ቤት ወይም መሬት ሲሸጥ ትርፉ የሚቀረጠው ንብረቱ ባለበት ግዛት ነው። አክሲዮንና ቦንድ ግን ለግብር ሲባል መሬት የላቸውም፤ ባለቤታቸው በሚኖርበት ይኖራሉ። ማንሃታን ውስጥ የሆቴል አልጋ የምታነጥፍ ሴት ኒው ጀርሲ ብታድርም ከደመወዟ ላይ ኒው ዮርክ ድርሻዋን ትወስዳለች። የዚያኑ ሆቴል አክሲዮን በሚሊዮኖች የሚሸጠው ባለሀብት ግን የፍሎሪዳ ነዋሪ ከሆነ ኒው ዮርክ ጣቷን አታነሳበትም። ስለ ባለሀብቶች ስደት የሚጻፈው አብዛኛው ወሬ ይህችን ልዩነት ዘሎ ስለሚያልፍ ነው መቋጫ የሚያጣው። በደመወዝ የሚኖር ሀብታም ሐኪም ወይም ጠበቃ ቢሸሽ ደንበኞቹን ጥሎ ነው የሚሸሸው፤ አክሲዮን የያዘው ግን አድራሻውን ብቻ መለወጥ ይበቃዋል።

አድራሻ መለወጥ ሲባል ታዲያ እንደ አፍ አይቀልም። አምስት ቤት ያለው ሰው የቱ ጋ ነው የሚኖረው? ኒው ዮርክ ሁለት መለኪያ አላት። አንዱ ቆጠራ ነው፤ በግዛቲቱ ቋሚ ማደሪያ ያለው ሰው በዓመት ከ183 ቀን በላይ እዚያ ከተገኘ፣ ልቡ የትም ይሁን የት፣ እንደ ነዋሪ ይቀረጣል። ቁራጭ ቀንም እንደ ሙሉ ቀን ይያዛል፤ ጠዋት ገብቶ ከምሳ በፊት የወጣ ሰው ያን ቀን ኒው ዮርክ ውሏል። ለዚህ ብለው የስልክን መገኛ እየተከተሉ ቀን የሚቆጥሩ መተግበሪያዎች ለገበያ ቀርበዋል። ኦዲተሩም በበኩሉ የስልክ ጥሪ ዝርዝር፣ የክሬዲት ካርድ ወጪ፣ የመንገድ ክፍያ መዝገብ፣ አንዳንዴም የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ሳይቀር አምጣ ይላል።

ሁለተኛው መለኪያ የሰውየው እውነተኛ ቤት የት እንደሆነ የሚፈትሽ ነው። አምስት ነገር ይታያል፤ የቤቱ ዓይነትና ስፋት፣ የሥራው ቦታ፣ የሚያሳልፈው ጊዜ፣ ቤተሰቡ፣ እንዲሁም ከነፍሱ አስጠግቶ የሚይዛቸው ነገሮች። ሥዕል፣ የቤተሰብ አልበም፣ ከአያት የተወረሰ ዕቃ። በ2017 ውሳኔ ያገኘ አንድ ክርክር ላይ የአንድ የኢንተርኔት ኩባንያ ኃላፊ ሥራ አግኝቶ ወደ ዳላስ ቢሄድም ኒው ዮርክ ያለውን አፓርታማ አልለቀቀም ነበር። የግብር መሥሪያ ቤቱም «አሁንም የኛ ነህ» አለው። ዳኛው መዝገቡን አገላብጠው የሰውየው ቤት ዳላስ ሆኗል ሲሉ ወሰኑ፤ ሚዛኑን ከደፉት ነገሮች ዋናው ውሻውን ወደ ዳላስ ማስመጣቱ ነበር። ውሻው ከመምጣቱ በፊት ያለው ጊዜ የኒው ዮርክ፣ ከመጣ ወዲህ ያለው የቴክሳስ ሆነ። የአሜሪካ የግብር ጠበቆች ደንበኞቻቸውን ሲመክሩ ይህን መዝገብ ሳያነሱ አያልፉም። የቤት እንስሳ ለሌለው ሀብታም ምን እንደሚመክሩ እንጃ።

እንዲህ ያለው ድካም ለምን እንደሚደረግ ለማየት የቶም ጎሊሳኖ ነገር ይበቃል። የደመወዝ ክፍያ አገልግሎት በሚሰጥ ኩባንያ የከበሩት እኚህ ሰው ሦስት ጊዜ ለኒው ዮርክ ገዥነት ተወዳድረዋል። በ2009 ግዛቲቱ በከፍተኛ ገቢ ላይ ግብር ስትጨምር በአደባባይ ተሰናብተው ፍሎሪዳ ገቡ፤ በመሄዳቸውም በቀን 13,800 ዶላር እንደሚተርፋቸው ጻፉ። በዓመት ሲታሰብ አምስት ሚሊዮን ዶላር ነው። እንዲህ ያለው ስንብት ሲታተም ሰው ሁሉ የሀብታሞች ጎርፍ የተነሣ ይመስለዋል።

ጎርፉ ግን ሲቆጠር የለም። የሶሲዮሎጂ ተመራማሪው ክሪስቶባል ያንግ ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2016 ያሳተሙት ጥናት 13 ዓመት የሚሸፍን፣ ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ያገኙ ሰዎችን ሁሉ የያዘ የፌዴራል ግብር መዝገብ አገላብጧል። በየዓመቱ ከግማሽ ሚሊዮን ያህል ሚሊየነሮች ውስጥ ግዛት የሚለውጡት 12 ሺህ ያህሉ፣ ማለትም 2.4 በመቶ ናቸው። በጠቅላላው ሕዝብ መጠኑ 2.9 በመቶ ነው። በዓመት 10 ሺህ ዶላር ግድም በሚያገኙት ዘንድ 4.5 በመቶ ይደርሳል። አሜሪካ ውስጥ ጓዙን ጠቅልሎ ከግዛት ግዛት የሚንከራተተው ድሃው ነው። ምክንያቱም አይከብድም። ሚሊዮን የሚያገኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሙያው ጫፍ ላይ የደረሰ፣ ትዳር የያዘ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ያሉት፣ ስሙም ሆነ ደንበኛው ባለበት ከተማ ሥር የሰደደ ነው። ሌላ ከተማ ስሙ ዕዳም ሀብትም አይደለም።

የዚሁ ጥናት ሌላ ግኝት እምብዛም አይጠቀስም፤ ለኔ ግን ከዋናው ይልቅ ይህ ይገርመኛል። ግብር ሸሽቶ የሚሄደው ጥቂት ሰው እንኳ የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ፣ ወደ ፍሎሪዳ ነው። ቴክሳስም ቴነሲም የገቢ ግብር የላቸውም፤ ነገር ግን የማያሚ ዓይነት የሀብታም መጉረፍ አይታይባቸውም። ፍሎሪዳ ከዝርዝሩ ስትወጣ የግብር ሽሽቱ ምልክት ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ታዲያ ሰዎቹን የሚስበው የግብር ተመኑ ነው ወይስ ባሕሩና ፀሐዩ?

እዚህ ላይ ቆመን «ሽሽቱ ተረት ነው» ብንል ግን ውሸት ይሆንብናል። ካሊፎርኒያ በ2012 በሕዝበ ውሳኔ የከፍተኛ ገቢ ግብሯን ወደ 13.3 በመቶ ስታሳድግ የሆነውን ጆሹዋ ራው እና ራያን ሹ የተባሉ ተመራማሪዎች ተከታትለዋል። በማግስቱ ዓመት ከከፍተኛዎቹ ከፋዮች ከወትሮው በላይ የለቀቁት 0.8 በመቶ ያህል ናቸው። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል። ይሁንና የለቀቁትና የቆዩት ተደምረው፣ የቆዩት የሚያስመዘግቡትን ገቢ ስለቀነሱ፣ ግዛቲቱ አገኛለሁ ካለችው ተጨማሪ ገቢ በመጀመሪያው ዓመት 45 በመቶ፣ በሁለቱ ዓመት ሲደመር 61 በመቶ ገደማ እንደተነነ አስልተዋል። ገንዘቡ አልጠፋም፤ የተረፈው ግን ከታሰበው እጅግ ያነሰ ነው። ሁለቱን ጥናቶች የሚጠቅሱ ሰዎች እርስ በርስ እንደ ተቃዋሚ ያቆሟቸዋል። በኔ ንባብ አይጋጩም። ያንግ የቆጠሩት ሰው ነው፣ ራው የቆጠሩት ዶላር ነው፤ ዶላሩ ደግሞ በጥቂት ሰዎች እጅ ነው።

ይህን ኒው ጀርሲ በ2016 የፀደይ ወራት በሚገባ አየችው። ዴቪድ ቴፐር የተባሉት የኢንቨስትመንት ፈንድ ባለቤት ወደ ማያሚ ቢች ሲሄዱ በሕግ አውጪው ምክር ቤት የበጀት ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ፍራንክ ሄይንስ በምክር ቤቱ ፊት ቀርበው የገቢ ትንበያቸው አደጋ ላይ እንደሆነ ተናገሩ። አንድ ሰው ነው የለቀቀው። ዘጠኝ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያላት ግዛት፣ ፖሊስና መምህር የምትቀጥር፣ ድልድይ የምትጠግን ግዛት፣ በአንድ ግብር ከፋይ ጓዝ መነሣት በጀቷ ተንገዳገደ። በዚያን ጊዜ ተቺዎቹ ግብሩን ረገሙ። ኒው ጀርሲ ግን ተመኑን ከመቀነስ ይልቅ በ2018 እና በ2020 አከታትላ አሳደገች፤ ቴፐርም በ2020 ወደዚያችው ግዛት ተመለሱ። ከዚህ ታሪክ ትምህርት የሚፈልግ ለሁለቱም ወገን ያገኛል። እኔ የማየው የበጀቱን ምሰሶ ነው፤ በጥቂት ሰዎች ላይ የቆመ በጀት ግብሩ ትክክል ቢሆንም ባይሆንም ይወዛወዛል። ዋሽንግተንም ይህን ቀምሳለች። የአክሲዮን ትርፍ ግብሩ በመጀመሪያው ዓመት ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቶ በሁለተኛው ወደ ግማሽ ግድም ወረደ፤ ሀብታም ሲፈልግ ይሸጣል፣ ሳይፈልግ ይጠብቃል።

ፍሎሪዳ ግን እንዲሁ በተፈጥሮ የሀብታም መጠጊያ የሆነች ይመስለናል። ታሪኩ ሌላ ነው። በ1924 ፍሎሪዳ የመሬት ገበያዋ በጦፈበት ሰዓት የገቢና የውርስ ግብርን የሚከለክል ማሻሻያ ሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስገባች። ዓላማው ያለ ይሉኝታ ግልጽ ነበር፤ የሰሜን ሀብታም ሽማግሌዎች መጥተው እዚህ ይሙቱ ነው። ኔቫዳም ወዲያው ተከተለቻት። ሌሎቹ ግዛቶች ቢጮሁ ኮንግረሱ ሰማቸው፤ በ1926 አንድ ብልሃት አወጣ። ለግዛት የተከፈለ የውርስ ግብር ከፌዴራሉ የውርስ ግብር እስከ 80 በመቶ ድረስ ይቀነሳል ተባለ። ማለትም ሟቹ ኒው ዮርክም ይሙት ፍሎሪዳ ወራሾቹ የሚከፍሉት ጠቅላላ ድምር ያው ነው፤ ልዩነቱ ግዛቲቱ ካልወሰደችው ዋሽንግተን ዲሲ ይወስደዋል። ፍሎሪዳ ተናዳ የገንዘብ ሚኒስትሩን አንድሩ ሜለንን ከሰሰች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1927 አሰናበታት። ከዚያ በኋላ ፍሎሪዳ ራሷ ያን ግብር ለመውሰድ ሕጓን ማስተካከል ግድ ሆነባት።

ከሰባ ዓመት በላይ በዚህ ተኖረ። በ2001 ኮንግረሱ የፕሬዚዳንት ቡሽን የግብር ቅነሳ ሲያጸድቅ ያችን የ1926 ማካካሻ በደረጃ ሰረዛት፤ ልዩነቱም እንደገና ተከፈተ። ኤንሪኮ ሞሬቲ እና ዳንኤል ዊልሰን የተባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በፎርብስ መጽሔት የ400 ባለሀብቶች ዝርዝር ላይ ያሉ ሰዎችን አድራሻ ተከታትለው ያገኙት፣ ከ2001 በኋላ ቢሊየነሮች የውርስ ግብር ካላቸው ግዛቶች መሸሽ እንደ ጀመሩና ዕድሜያቸው ሲገፋ ሽሽቱ እንደሚበረታ ነው። ከዚያ በፊት ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ፀሐይዋም ያችው ናት፤ የተለወጠው አንድ አንቀጽ ነው። የባለሀብት ሽሽት እንደ ወፍ ፍልሰት የተፈጥሮ ሕግ የሚመስለው ሰው ይህን ቢያስታውስ ደስ ይለኛል። በሩን ኮንግረሱ ዘጋው፣ ኮንግረሱ ከፈተው። (ሁለቱ ባለሙያዎች ሌላም ያሉት አለ፤ ሽሽቱ ተቀንሶ እንኳ አብዛኞቹ ግዛቶች ከውርስ ግብር የሚያገኙት ከሚያጡት ይበልጣል፤ ካሊፎርኒያን የመሰለ ከፍተኛ የገቢ ግብር ያለበት ግዛት ግን ይከስራል።)

የገቢ ግብር የለም ማለት ግብር የለም ማለት አይደለም። ይህን በአሜሪካ የሚኖር ሐበሻ በደንብ ያውቀዋል። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቡና ላይ «ዳላስ ኢንካም ታክስ የለም፣ ቤቱም ርካሽ ነው» እየተባባለ ጓዙን ጠቅልሎ የሄደ ብዙ ነው። ቤት ከገዛ በኋላ የቴክሳስ የፕሮፐርቲ ታክስ ወረቀት ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ ነው ሒሳቡን እንደገና የሚሠራው። ሲያትል የሚኖረው ወገናችንም እንዲሁ ነው። ከደመወዙ የግዛት ግብር አይቆረጥበትም፤ ጫማ ሲገዛ ወይም መኪናው ጎማ ሲቀይር ግን ከ10 በመቶ በላይ የሽያጭ ታክስ ይከፍላል። በ2024 የወጣ አንድ የግብር ፖሊሲ ተቋም ስሌት እንደሚያሳየው ፍሎሪዳ ውስጥ ከሕዝቡ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው 20 በመቶዎቹ ከገቢያቸው 13.2 በመቶ ያህሉን ለግዛትና ለአካባቢ ግብር ያውላሉ፤ ከላይ ያሉት 1 በመቶዎቹ 2.7 በመቶ። ዋሽንግተን ግዛትም ብዙ አትርቅም፤ 13.8 በመቶ ከታች፣ 4.1 በመቶ ከላይ። ስለዚህ «ግብር የሌለበት ግዛት» የሚባለው ስም ለማን እንደወጣ ማየት ነው። በረኛውና ታክሲ ነጂው ፍሎሪዳ ሲገቡ ለግብር ነው የገቡት ማለት ይቀላል።

ሕዝቡ ደግሞ ሽሽቱን እያየ ዝም አላለም፤ በፍርሃት ግን አልወሰነም። ቤዞስ በሄዱ በዓመቱ፣ በኖቬምበር 2024፣ የዋሽንግተን መራጮች የአክሲዮን ትርፍ ግብሩ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ቀርቦላቸው ከ60 በመቶ በላይ ሆነው ውድቅ አደረጉት። ይሰረዝ ብለው ገንዘባቸውን ያፈሰሱት ብራያን ሄይዉድ የተባሉ ባለሀብት ናቸው፤ እሳቸው ራሳቸው ከዓመታት በፊት የካሊፎርኒያን ግብር ሸሽተው ዋሽንግተን የገቡ ናቸው። በ2025 ምክር ቤቱ ጭራሽ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ለሆነ ትርፍ ተመኑን ወደ 9.9 በመቶ አወጣው። ማሳቹሴትስም በ2022 ከሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ገቢ ላይ 4 በመቶ ጨመረች። በ2024 የበጀት ዓመት ከዚያ ግብር አንድ ቢሊዮን ዶላር አቅዳ ከሁለት ቢሊዮን በላይ ሰበሰበች፤ ገንዘቡም ለትምህርት ቤት ምሳና ለመንገድ ዋለ። የሄደ የለም አይባልም። ከሄደው የቆየው ይበዛል።

ካሊፎርኒያ በበኩሏ ሽሽቱን በቀን መቁጠሪያ ሊይዘው የሚሞክር ረቂቅ ወጥቶባታል። የጤና ባለሙያዎች ማኅበር በ2025 መገባደጃ ያቀረበው ሐሳብ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ያለው ነዋሪ አንድ ጊዜ ብቻ 5 በመቶ ይክፈል ይላል። ነዋሪነቱ የሚታየው በጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ነው፤ ለሕዝብ ድምፅ የታሰበው ደግሞ በዚያው ዓመት ኖቬምበር። ደወሉ የሚደወለው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው ማለት ነው። ገዥው ጋቪን ኒውሰም ዴሞክራት ቢሆኑም ተቃወሙት። የጉግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ያች ቀን ሳትደርስ አንዳንድ ድርጅቶቻቸውን ከካሊፎርኒያ እንዳስወጡ ተዘገበ። ብልሃቱ ብልሃት ነው፤ የሚሠራው ግን አንዴ ነው። ከዚያ በኋላ «አንድ ጊዜ ብቻ» የሚለውን ቃል የሚያምን ቢሊየነር አይገኝም፤ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን አላምንም።

የሚበረክተው መፍትሔ የ1926ቱ ዓይነት ነው፤ ሰውየው የትም ቢያድር ጠቅላላ ዕዳው ያው የሚሆንበት የፌዴራል ሕግ። ይህን ማውጣት የሚችለው ኮንግረሱ ብቻ ነው። በኮንግረሱ የተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ መቀመጫ የሚከፋፈለው በሕዝብ ብዛት ነው፤ ከ2020 ቆጠራ በኋላ ቴክሳስ ሁለት፣ ፍሎሪዳ አንድ ሲጨምሩ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ አንድ አንድ አጡ። ቁጥሩን ያበዙት ቢሊየነሮች አይደሉም፤ የቤት ኪራይ ያባረራቸው ሰዎች ናቸው። ዛሬ የገቢ ግብር የሌለባቸው ቴክሳስና ፍሎሪዳ ብቻቸውን ከ435ቱ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች 66ቱን ይዘዋል፤ በሩን ዳግም እንዝጋ የሚል ሁሉ ድምፅ መለመን የሚጀምረው ከእነሱ ነው።